መብራት የበራበት ቤት

የቴሌቪዥን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ወደ አጭር ታሪክ ሲመለስ፤ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ በኩል ሲታይ

የጋይንቷ ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ጉናን እያለፈ ወደ ወልድያ የሚያቀናው መኪና እዚህ ቆሞ በሩ ሲከፈት ቀድሞ የሚገባው ነፋሱ ነው፤ ተሳፋሪው የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ጋቢውን እስከ ጆሮው የተከናነበ ገበሬ፣ የድንች ጆንያ የተሸከመ ወዛደር፣ በአንድ እጇ ነጠላዋን በሌላው ልጇን የያዘች እናት፤ ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ ወገን አዙሮ ይሄዳል። ከመንገዱ ዳር ካሉት ሱቆች አንዷ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ግድግዳዋ በስልክ ሽፋን ተለብጧል። ባንኮኒው ላይ ቻርጅ የሚደረጉ ስልኮች ተደርድረዋል፤ እንዳይምታቱ የባለቤቱ ስም የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት በየአንዳንዱ ላይ በላስቲክ ታስራለች። ከአርብ ገበያ በኩል ከቆላው የመጣ ወጣት ከሱሪው ትንሿ ኪስ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ አውጥቶ ያቀብላል።

«ምን ልጫንልህ?»

«ፊልም። የሰማዩን ዓይነት። ያ ባለፈው የጫንህልኝ ቀጣዩ ክፍል የለም እንዴ?»

ማታ በመንደሩ ስልክ ያለው አንዱ ነው፤ ዓይን ያለው ግን ብዙ ነው። ሰባት ስምንት ሰው በመዳፍ ስፋት መስታወት ላይ አንገቱን ያሰግጋል። ቋንቋው ባዕድ ነው፤ ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ አንብቦ የሚደርስበት የለም። ባትሪው ከታሪኩ ቀድሞ ያልቃል። በማግስቱ ከብት ሲጠብቅ ያመለጠው ልጅ «እህስ፣ ከዚያስ?» ይላል። ያየው ላላየው ይነግራል። ሲነግርም የሰዎቹን ስም ይጥላል፣ የመንኮራኩሩን አዛዥ «አለቃው» ይለዋል፣ ያላየውን መጨረሻ ከራሱ ይጨምራል። በእንግሊዝኛው የመጻሕፍት ገበያ ስልሳ ዓመት ያህል የኖረ አንድ ሙያ አለ፤ የቴሌቪዥን ሳይንሳዊ ልብ ወለድን አንድ ክፍል ወስዶ አጭር ልብ ወለድ አድርጎ መጻፍ። በመሠረቱ ያ ልጅ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከእሱ ይነሣል። ክፍሉን ወደ ጽሑፍ የሚመልስ ሰው ካሜራው ያየውን ከገለበጠ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ዋናው ሥራው ሰሚው ዘንድ መገረም የት ላይ እንደሚጀምር ማወቅ ነው። ይህን ደግሞ ነገር ሁሉ በቃል ሲነገር የሰማ ሰው፣ ነገር ሁሉ በምስል ሲታይለት ካደገው ይልቅ ያውቀዋል።

ስክሪፕት ብቻ ይዞ

ሙያው የተወለደው ከእጥረት ነው። «ስታር ትሬክ» የተባለው የጠፈር ድራማ በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1966 ነው፤ በእኛ ዘመን አቆጣጠር የ1958 ዓ.ም. ጳጉሜ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያኔ ከተከፈተ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በሀብታሙም አገር ቢሆን ቪዲዮ መቅረጫ ገና በየቤቱ አልገባም። ክፍሉ አንድ ማታ ታይቶ ያልፋል፤ ያመለጠው፣ እስኪደገም ድረስ አመለጠው ነው። ባንታም የተባለው አሳታሚ ይህን ቀዳዳ አይቶ ሥራውን ለጄምስ ብሊሽ ሰጠ። ብሊሽ በዘርፉ ስም ያለው ጸሐፊ ነበር። አንድ ካህን፣ እምነት ሳይኖራቸው በደል የማያውቁ ፍጡራን ከሚኖሩበት ዓለም ጋር የሚፋጠጥበት «ኤ ኬዝ ኦቭ ኮንሸንስ» የተባለው ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. በ1959 የሁጎን ሽልማት አግኝቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የመጀመሪያው የ«ስታር ትሬክ» መጽሐፉ ሰባት ታሪኮችን ያዘ። ከዚያ እየተከታተሉ አሥራ ሁለት ደረሱ፤ ብሊሽ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲያርፍ የመጨረሻውን ያጠናቀቀችው ባለቤቱ ናት።

አስገራሚው ነገር ብሊሽ ሥራውን ሲጀምር በእጁ የነበረው ስክሪፕቱ ብቻ መሆኑ ነው። አንዳንዱን ክፍል ሳያየው ጽፎታል። የደረሰው ስክሪፕት ደግሞ ሁልጊዜ የመጨረሻው አልነበረም፤ ከቀረጻ በፊት የተለወጠ ነገር ለእሱ ሳይለወጥ ቀርቷል። በመጀመሪያው መጽሐፍ «የቻርሊ ሕግ» በሚል ርዕስ የገባው ታሪክ ቴሌቪዥን ላይ የታየው በሌላ ስም ነው። ተመልካቹ መጽሐፉን ገዝቶ ሲያነብ የሚያውቀውን ታሪክ ያገኛል፤ ግን ወንድሙን ከሩቅ አይቶ «እሱ ነው፣ አይደለም» እንደሚል ሰው ይሆናል።

ከሁሉ የሚጠቀሰው የሃርላን ኤሊሰን ድርሰት ነው። የመንኮራኩሩ ሐኪም አእምሮውን ስቶ በጊዜ በር አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እዚያ በሚሠራው አንድ ነገር ታሪክ ይዛባል። አለቃውና ጓደኛው ተከትለውት ሥራ ፈቱ በበዛበት በ1930ዎቹ ኒው ዮርክ ይገባሉ። እዚያ ለድሆች ሾርባ የምታበላ ደግ ሴት አለች፤ አለቃው ይወዳታል። ዓለም ወደ ቦታዋ የምትመለሰው ግን ያቺ ሴት በመኪና አደጋ ከሞተች ነው። ኤሊሰን መጀመሪያ የጻፈው ስክሪፕትና ቴሌቪዥን ላይ የታየው በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ ኤሊሰንም በለውጡ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ተቆጥቶ ኖሯል። ብሊሽ ታሪኩን ሲጽፍ ሁለቱን አስቀምጦ ከየአንዳንዱ ይሻላል ያለውን ለማዋሐድ ሞከረ። ካሜራው እዚህ ላይ ምን እንዳደረገ ማሰብ ይጠቅማል። በመጨረሻዋ ደቂቃ አለቃው ሴቲቱን ሊያድን የሮጠውን ሐኪም ጨምቆ ይይዘዋል፤ የምናየው ፊቱን ነው። ያ ፊት ስክሪፕት ላይ የለም። ጸሐፊው ወይ ፊቱን በቃል ሊስል ይታገላል፣ ወይ ደግሞ ካሜራ ወደማይገባበት ወደ ሰውየው ሆድ ይገባል። ብሊሽ በሆነለት ጊዜ ሁለተኛውን ያደርጋል፤ ባልሆነለት ጊዜ (ያልሆነለት ብዙ ነው) ታሪኩ ንግግርና እርምጃ ብቻ ይሆንና የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ይመስላል።

*«ያ ፊት ስክሪፕት ላይ የለም።»*

ምልክት ያለ መምህር

የብሊሽን ችግር ለጋይንት ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። የቤተልሔም ድጓ የሚባለው ዜማ ቤቱ እዚሁ ጋይንት ነው፤ በእስቴ በኩል ደግሞ የቆማ ዜማ አለ። ድጓ ላይ ከንባቡ በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፉ ምልክቶች አሉ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው ይነገራል። አንዱ ምልክት ከሚታወቅ ዜማ የተቆረጠ አንድ ሁለት ፊደል ነው፤ «እዚህ ላይ እንደዚያኛው በል» ማለት ነው። ያኛውን ያልሰማ ሰው ምልክቱን ቢያየው ፊደል ብቻ ይሆንበታል። ስለዚህ ተማሪው ብራናውን ይዞ ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ይቀመጣል።

ስክሪፕትም እንዲሁ ያለ ነገር ነው። «ዝም ይላል» የሚል መስመር አለበት፤ ዝምታው የንዴት ይሁን የኀዘን የሚያውቀው ተዋናዩና አዘጋጁ ነው። ብሊሽ መምህር የሌለው ምልክት ተሰጠው ማለት ነው፤ ዜማውን ከራሱ አወጣ። አንዳንድ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች «ይህ ታዲያ ምኑ ድርሰት ነው? የሌላ ሰው ሥራ ቅጂ አይደለም ወይ?» ይላሉ። ቅጂ ቢሆንማ ኖሮ አንዱ ስክሪፕት በሁለት እጅ ሁለት ታሪክ ባልሆነ ነበር። በእኛም አገር ቢሆን የተዘጋጀን ጽሑፍ ወደ ሌላ ስሜት የሚያሻግር ሰው ደራሲ ባይባልም የሥራው ግማሽ ባለቤት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ፤ ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ግን መጽሐፉን ያወቀው በራዲዮ፣ በውጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ብዙ ሰው ዛሬም ጉዱ ካሳን ሲያስብ የሚመጣለት መጀመሪያ የውጋየሁ ድምፅ ነው። ውጋየሁ ከገጽ ወደ ጆሮ አሻገረ፤ ብሊሽ ከመስታወት ወደ ገጽ። መንገዱ ይለያያል፣ ድካሙ አንድ ነው።

መብራት መጥፋት የማያስደነግጥበት መንደር

ክርክሩን በአንድ ክፍል ላይ መፈተን ይሻላል። ሮድ ሰርሊንግ «ዘ ትዋይላይት ዞን» የተባለውን ተከታታይ ከጀመረ በኋላ የራሱን ስክሪፕቶች ራሱ ወደ አጭር ልብ ወለድ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1960 አሳትሟል። ከእነሱ አንዱ ሜፕል በተባለ ጸጥተኛ መንገድ ላይ የሚሆን ነገር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሰማይ ብርሃንና ድምፅ ያልፋል። ወዲያው መብራት ይጠፋል፣ ስልክ ይዘጋል፣ መኪና አልነሣ ይላል። ነዋሪው ደጅ ወጥቶ ይሰበሰባል። አንድ ልጅ ካነበበው ተረት ተነሥቶ «ከሰማይ የመጡት ሰዎች መጀመሪያ ሰው መስሎ የሚኖር ቤተሰብ ይልካሉ» ይላል። (ጥፋቱ በዚህች ታሪክ የሚጀምረው ከንባብ ነው፤ ሰርሊንግ በራሱ ሙያ ላይ ሲቀልድ ይመስላል።) ከዚያ የአንዱ ጎረቤት መኪና ማንም ሳይነካው ይነሣል። ሰውየው ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሰማይ ሲያይ መታየቱ ይታወሳል፤ ሰው ሁሉ ይዞርበታል። ሲጨልም ወደ ሌላው ሰፈር ሄዶ የነበረ ጎረቤት በጨለማ ሲመለስ በጥይት ይገደላል። ቀጥሎ የገዳዩ ቤት መብራት ይበራል። ከዚያ በኋላ ድንጋይ፣ ጩኸትና ጠመንጃ ነው። ከተራራ ላይ ሁለት እንግዶች ከመንኮራኩራቸው አጠገብ ቆመው ያያሉ፤ መብራትና መሣሪያ ከማጥፋትና ከማብራት በስተቀር ምንም አላደረጉም።

ይህን ክፍል ቃል በቃል ወደ አማርኛ የመለሰ ሰው ነፋስ መውጫ ላይ ያሳቃል። የታሪኩ ድንጋጤ የቆመው በመብራት መጥፋት ላይ ነው። እዚህ መብራት ሲጠፋ የሚሰማው «ሄደ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ቡናው በኩራዝ ይቀጥላል። በስማዳ ገጠር ደግሞ የሚጠፋ መብራት ቀድሞውኑ ያልገባበት ቤት ብዙ ነው። መኪና አልነሣ ማለትም ተአምር አይደለም፤ ገፍተህ ታስነሣዋለህ። ሰርሊንግ አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጊዜ የአሜሪካን ተመልካች የሚያስደነግጥበት ነገር ሁሉ እዚህ የዘወትር ኑሮ ነው።

ታሪኩ ግን አልሞተም። መገረሙ ሌላ ቦታ ቆሟል። መንደሩ ሁሉ ጨልሞ ሳለ የአንድ ሰው ቤት ብቻ ሲበራ ነው ልብ የሚደነግጠው። «እንዴት እሱ ቤት ብቻ?» ከሚለው ጥያቄ ጀምሮ ያለው መንገድ ለጋይንትም ለሜፕልም አንድ ነው። እንዲያውም እዚህ አጭር ነው። ሌሊት ሰማይ የሚያየው ሰው ስም አለው፤ ዓይኑ አያምርም፣ ልጅ ሲያይ ልጁ ይታመማል፣ ሠሪ ነው፣ ሸክላ ሠሪ ናት ይባላል። በቡዳ ስም ባለሙያ ሲገፋና ሲጠረጠር የኖረበት አገር ሰርሊንግ ሊያስረዳ የደከመውን ነገር ሳይነገረው ያውቀዋል። ስለዚህ የአማርኛው ጸሐፊ የመጀመሪያውን ሲሶ ቆርጦ ይጥላል። ከበራው ቤት ይጀምራል።

*«መንደሩ ሁሉ ጨልሞ የአንድ ሰው ቤት ብቻ ሲበራ ነው ልብ የሚደነግጠው።»*

ሁሉን ነገር ወደ ሰምና ወርቅ መጎተት ልማዳችን ስለሆነ እዚህ ላይ «መንኮራኩሩ ሰም፣ ጥርጣሬው ወርቅ» የሚል ይኖራል። ፈተናው ግን ሰሙ ላይ ነው። ሰሙ የሰሚው ዓለም ካልሆነ ወርቁን የሚፈልገው የለም።

«ማየት እያለ ምን ማንበብ?»

ሚሞሪ የሚጭነው ልጅ ተቃውሞ ከሁሉ ይበረታል። ፊልሙ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ይታያል፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን የባዕድ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እየተናገረ ሳሎን ድረስ ገብቷል። ምን ቀረ? የቀረው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ተራ ጉዳይ ነው፤ ባትሪ ያልቃል፣ ኔትወርክ ይጠፋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በስልክ የሚኖር ታሪክ ሁሉ አብሮ ተቋረጠ። ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ፣ ባለ ድንጋይ ባትሪ ራዲዮም ሲያወራ ይቀጥላል። ሁለተኛው ይበልጣል። ድምፁ ወደ አማርኛ የተመለሰ ድራማ አፉን እንጂ ቤቱን አይለውጥም፤ ሰዎቹ አማርኛ ይናገራሉ፣ ሳሎናቸው ግን የኢስታንቡል ነው። አጭር ልብ ወለድ ቤቱንም መለወጥ ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ብዕር ብቻ ነው። የጠፈር መርከብ በምስል ለመሥራት የሚጠይቀው ወጪ በአገራችን ፊልም ሠሪ አቅም አይደለም። በአማርኛ የሚናገረው «ክራምብስ» የተባለው የ2015 (እ.ኤ.አ.) ፊልም እንኳ ከዓመታት በፊት ሰማይ ላይ ቆሞ የቀረ መርከብን ከሩቅ አሳይቶ አብዛኛውን በአእምሯችን እንድንሞላው ትቶታል። ጥሩ አደረገ።

የእስቴ መምህር ዓይነት ሰው ደግሞ ሌላ ይላል፤ ልጆቹ ሳይንሱን ሳይጨብጡ የሳይንስ ተረት ምን ይሠራላቸዋል፣ ቃሉስ አለን ወይ። የቃሉ ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው። የጠፈር መንኮራኩር የሚለው ሐረግ ከሁለት ወገን ቅዱስ መጽሐፍ ነው፤ ጠፈር ከኦሪት ዘፍጥረት፣ መንኮራኩር ከነቢዩ ሕዝቅኤል ራእይ። የጋዜጣ አማርኛ ለሩሲያና ለአሜሪካ መርከቦች ሲጠቀምበት ማንም አልደነገጠም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅም ዜናው በራዲዮ እስከ ገጠር ተሰምቷል። ሙሉ መልኩ በግእዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክ አንድን ሰው ሰማይ ለሰማይ ይዞ ይዞራል፤ የፀሐይን መግቢያና መውጫ፣ የነፋሳትን ዐሥራ ሁለት በሮች ያሳየዋል። ነፋስ የሚወጣበት በር ያለባት ከተማ ልጅ «ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ ነው» ቢል ስሟ ራሱ ይከራከረዋል።

በሳይንሱ በኩል ያለው ሥጋት ግን እውነት አለው። ደካማ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አስማትን በብረት ልብስ ያቀርባል። መድኃኒቱ ጸሐፊው በአንድ ታሪክ አንድ ያልታወቀ ነገር ብቻ እንዲያስገባና የቀረውን ሁሉ በሚታወቅ ሕግ እንዲያስኬድ ማስገደድ ነው። በበራው ቤት ታሪክ ውስጥ እንግዳ የሆነው አንድ ነገር መብራቱ ነው። ቆጣሪው፣ ምሰሶው፣ ከምሰሶው የሚወርደው ሽቦ፣ ሽቦው ስንት ቤት እንደሚያገናኝ፣ ይህ ሁሉ ትክክል መሆን አለበት። ያኔ አንባቢው «መስመሩ ተቆርጦ እንዴት?» ብሎ ይጠይቃል። ሳይንስም የሚጀምረው እዚያ ጥያቄ ላይ ነው፤ ቡዳ የሚባለውም እዚያው ጥያቄ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ታሪኩ በሁለቱ መካከል ሲንገዋለል ነው የሚጥመው።

የባለቤትነት ጉዳይ ባጭሩ ይነገር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410 አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመቀየርን መብት ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ሐሳብን ግን ለማንም አያጥርም። የሰርሊንግን ሰዎች፣ ንግግርና ቅደም ተከተል ይዞ መጻፍ ፈቃድ ይጠይቃል። «መንደር በጨለማ ጎረቤቱን ይጠረጥራል» የሚለው ሐሳብ ግን የማንም አይደለም። ከላይ እንደተባለው ክፍሉን እስከ መሠረቱ አፍርሶ ከበራው ቤት የጀመረ ጸሐፊ፣ ሥራውን በደንብ ከሠራ፣ መጨረሻ ላይ በእጁ የሚቀረው የራሱ ታሪክ ነው።

ማነህ?

አንድ አስቸጋሪ ቦታ ግን ይቀራል። በሰርሊንግ ታሪክ በጨለማ የሚመለሰው ጎረቤት መዶሻ ይዞ ዝም ብሎ ይመጣል፤ ይተኮስበታል። ካሜራው ጥላውን አሳይቶ ያሳምነናል። በጋይንት ግን ማታ በመንገድ የሚመጣን ሰው ዝም ብሎ የሚተኩስ የለም። ከደጅ «ማነህ?» ይባላል፤ የሚመጣውም «እኔ ነኝ፣ ወገን ነኝ» ብሎ ስሙን፣ ካስፈለገም የአባቱን ስም ይጠራል። ጠመንጃ በየቤቱ ባለበት አገር ይህ ልማድ ስንት ሰው እንዳተረፈ መገመት አያዳግትም፤ በእነዚህ ባለፉት ዓመታት ደግሞ የማታ ኮቴ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። ጸሐፊው ይህን ልማድ ዘሎ ሰውየውን ቢያስገድለው አንባቢው መጽሐፉን ይዘጋል። «አልጠየቁትም እንዴ?» ይላል። ጠይቀውት ከመለሰም አይሞትም።

ስለዚህ መጠየቅ አለበት፣ መመለስም አለበት፣ መልሱ ደግሞ መድረስ የለበትም። ለዚህ የሚሆን ማሽን ከሰማይ ማምጣት አያስፈልግም። ሰውየው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን በትከሻው አግድሞ ከጨጨሆ በኩል ሽቅብ ይመጣል፤ ነፋሱ ከፊቱ ነው። የበራው ቤት ብርሃን ከኋላቸው ስለሆነ የቆሙትን ሰዎች እሱ ያያቸዋል፤ እነሱ ግን እሱን በጥላ ብቻ ነው የሚያዩት። «ማነህ?» የሚለው ቃል ከነፋሱ ጋር ወርዶ ይደርሰዋል። እሱም ስሙን ይጠራል፣ የአባቱን ስም ይጨምራል፣ ደግሞ ይጠራል። ነፋሱ መልሱን ከአፉ እየነጠቀ ወደ ቆላው ይዞት ይወርዳል። ከላይ የቆሙት የሚሰሙት የቆርቆሮ ጣሪያ ሲንቀጫቀጭ ብቻ ነው፤ አንደኛውም የጠመንጃውን ቃታ በአውራ ጣቱ ይፈልጋል።